የጎረቤቴ ፍሬን

ሰው በጎረቤቱ ቤት ይቀናል፣ በከብቱ ይቀናል፣ የባሰበት ደግሞ በሚስቱ ይቀናል። እኔ በፍሬን ቀናሁ። ያውም በሙሉ ፍሬኑ እንኳ አይደለም። ኮፈኑ ሲከፈት በሾፌሩ በኩል ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የሚታይ፣ ከክንድ ያጠረ፣ ከላዩ የዘይት ዕቃ የተሸከመ አንድ ብረት አለ፤ መካኒኮች ማስተር ይሉታል። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይቱን ገፍቶ ወደ አራቱም ጎማ የሚልከው እሱ ነው። እሱ ከደከመ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው። እንግዲህ እኔ፣ ትልቅ ሰው፣ ልጅ ለመዳር የደረስኩ፣ በዚህ ብረት ቀንቼ እህል አልበላልኝ አለ።

ሸዋ ሮቢት የሚኖር ሰው አይፈርድብኝም። ከተማችን የደብረ ሲና ቁልቁለት ግርጌ ላይ ናት። ከላይ የሚመጣ መኪና ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ብርዱን ወደኋላ ትቶ ሙቀታችን ውስጥ ሲገባ፣ ከራሱ ቀድሞ የሚደርሰው ሽታው ነው። የኛ ልጆች ከእናታቸው ሽንኩርት እኩል የተቃጠለ ፍሬን እያሸተቱ ያድጋሉ። ሌላ አገር ወንዶች ተሰብስበው መኪናቸው ስንት እንደሚሮጥ ያወራሉ አሉ። እኛ ጋ ሮጦ መውረድማ ድንጋይም ይችላል። የሚከበረው የቆመ ነው።

ለዚህም ችሎት አለን። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከሥሩ ጎማ የሚጠግን ሰውዬ፣ በርሜል ውሃ፣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ፣ ከዚያ ደግሞ ሥራ የሌላቸው ወይም ሥራቸውን ጥለው የመጡ ወንዶች አሉ። የምናውቀው ሰው ከቁልቁለቱ ሲመጣ እዚያ ይቆማል፤ አልቆምም ብሎ ካለፈ ወሬው ከሱ በፊት ቤቱ ይገባል። ጎማ ጠጋኙ በጣሳው ቀድቶ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ፍሬኑ ላይ ውሃ ጠብ ያደርጋል። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። ውሃው «ጭስስስ» ካለ «ጥብስ!» ብለው ይጮሃሉ፣ ፉጨት ይቀልጣል። ውሃው ዝም ካለ «ጾም» ይላሉ፤ ቀስ ብለው፣ በአክብሮት። መካኒኮች ለጋለ ብረት ውሃ ጥሩ አይደለም እያሉ ይቆጣሉ፣ ግን ማን ይሰማቸዋል?

የኔ ሁልጊዜ ጥብስ ነው። የጎረቤቴ ሁልጊዜ ጾም። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ ሙስሊም። በሁዳዴ አጋማሽ ወርጄ «ጥብስ!» ሲባልብኝ፣ እሱ ከኋላዬ መጥቶ «ጾም» ሲባልለት፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች ሃይማኖት ተለዋወጡና ይለይላችሁ!» እያሉ ስንቴ ስቀውብናል።

መኪናዬን ላስተዋውቃችሁ። ቀይ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ኋላዋ በቢላ ቁርጥ የተደረገ የሚመስል፣ ትንሽ ግን ቁጡ። በወጣትነቷ የጎረምሳ መኪና ነበረች፤ አሁን እሷም እኔም ድምፃችን ነው የቀረው። እኔ የማሾ ነጋዴ ነኝ። ማሾ ነጋዴ የሚገዛው የጭነት መኪና ነው። እኔ አዲስ አበባ ሄጄ እሷን አየሁና ልቤ ጠፋ። ኋላዋ ላይ ሁለት ኩንታል ሲጫንባት አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች፣ እንደ ኩሩ ሴት። ይዣት የገባሁ ቀን ሚስቴ ዙሪያዋን ዞራ አይታ፣ «ሌላኛው እግርስ የታለ?» አለችኝ። ጫማ መስላት ነው።

ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጭ ነው፤ የሱቃችን ግድግዳ አንድ ነው። መኪናዬን ባየ በጥቂት ወራት ውስጥ መንትያዋን ገዝቶ መጣ። ያው ሞዴል፣ ያው ሁለት በር፣ ያው ቁርጥ ኋላ፤ የሱ ነጭ መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ።

«ያንተን አይቼ ወደድኳት፣ ወላሂ» አለኝ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

ለደህና ሰው ይሄ ክብር ነው። እኔ ግን ከቤቴ በር ላይ የተሰረቅሁ መሰለኝ። እሱም ቢሆን ችዬው ነበር። አንድ ቀን ግን ጠራኝና፣ «ና እስቲ ፔዳሏን ርገጣት» አለኝ። ገባሁ፣ ረገጥኩ። ትንሽ ወረደችና ቆመች። በቃ ቆመች! እንደ ድንጋይ።

«ምን አደረግካት?»

«ማስተሯን ቀየርኩት። ከሷ ተለቅ ካለች መኪና የመጣ ነው፤ ልክክ አለ። አልሐምዱሊላህ።»

የኔ ፔዳል ሲረገጥ ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ እንደሚጥለው ሰው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ይሰግዳል። ስለዚህ ሁለቴ ነበር የምመታው። የመጀመሪያዋ ሰላምታ ናት፣ ሁለተኛዋ ላይ ነው ወደ ጉዳዩ የምንገባው። መካኒኩ የማስተሩ የውስጥ ጎማ አልቋል ብሎኛል፤ እኔ ግን የመኪናዋ ጠባይ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ሰው የሚስቱን ጠባይ ይቀበል የለ? የጎረቤቴን ፔዳል ከረገጥኩ በኋላ ግን የራሴን መርገጥ አስጠላኝ።

ይሄ ሁሉ የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ልጄ ባታገባ።

አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ባሏ የደብረ ሲና ልጅ ነው። ሽማግሌዎች የተስማሙት እንዲህ ነበር፦ የሰርጉ ቀን እነሱ በመኪናቸው መጥተው ይዘዋት ይወጣሉ፤ ለመልሱ ግን ሙሽሮቹን እኛ በራሳችን መኪና እናመጣቸዋለን። «በራሳችን መኪና» የተባለ ጊዜ እኔ እዚያው ተቀምጬ መሪ መጠምዘዝ ጀምሬ ነበር። ልጄን ወደ ቤቷ የምመልሳት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ቀርቶኛል?

አንድ ምሽት እራት እየበላን ልጄ ጎሮሮዋን ጠረገች።

«አባዬ፣ ለመልሱ ጋሼ ቢያመጡን ምን ይመስልሃል?»

«የትኛው ጋሼ?» አልኩ፣ እያወቅሁ።

«ጎረቤታችን ነዋ። ነጭ ለሙሽራም ያምራል።»

«ቀይ ምን ሆነ?»

ሚስቴ ገባችበት። «ቀይ ምንም አልሆነ። አይቆምም እንጂ።»

«ይቆማል!»

«ይቆማል፤ ሲደክመው።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እኔ ከሚስቱ ጋር በሳቸው መኪና ስንወርድ ገና ደብረ ሲናን ሳንለቅ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ የምነቃው ሮቢት ነው። ባባትሽ መኪና ስወርድ ግን ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨርሼ እንደገና እጀምራለሁ።»

«ታዲያ መንፈሳዊ መኪና ናታ!» አልኩ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልደኛ ሰው ሲወጋ መጀመሪያ የሚስቀው ራሱ ነው።

ልጄ ግን እጄን ያዘችኝ። «አትቀየመኝ አባዬ። እፈራለሁ» አለች።

ይሄኛው ቀልድ የለውም። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ በትከሻዬ ተሸክሜ አሻግራት ነበር። ውሃው ወገቤ ላይ እየደረሰ፣ እኔ ውስጤ እየራደ፣ እሷ ላይ ሆና ፀጉሬን እንደ ልጓም ይዛ ትስቅ ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ እኔን ፈርታ በሰው መኪና ልትመጣ ነው። ጎረቤቴ ከመኪና ሞዴሌ ጀምሮ፣ በሚስቴ እንቅልፍ በኩል አድርጎ፣ እነሆ ልጄ ድረስ ደረሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማደርገው ሁሉ ያሳፍራል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ነጯን መኪናውን በጨርቅ ሲወለውል አየዋለሁ። ጨርቅ ሻጭ ስለሆነ ሁልጊዜ አዲስ ጨርቅ ነው፤ ይሄም ያበሽቀኛል። አንድ ቀን፣ «ዘይት ሸተተኝ፣ ኮፈኑን ክፈት እስቲ» ብዬ ዋሸሁት። ደንግጦ ከፈተ። እኔ ጎንበስ ብዬ ማስተሩን በጣቴ ለካሁት፤ ከዘይት ዕቃው እስከ ጫፉ ስንዝር ከሁለት ጣት።

«አየህ? አለ እንዴ?» ይለኛል፣ አጠገቤ አጎንብሶ።

«የለም፤ የኔ አፍንጫ ነው» አልኩት። አላህ ይስጥህ ብሎ መረቀኝ። የሚያስጠላው ደግነቱ ነው። በክፉ ጎረቤት መቅናት እኮ እንዴት ያምር ነበር!

መካኒኩ ጋ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ እያወራ ቀና አይልም።

«የሳቸውን ዓይነት ላስመጣልህ?»

«የሱን ዓይነት አይደለም። ከሱ የሚበልጥ።»

«የሳቸው እኮ ለዚች መኪና ልኳ ነው። ከዚያ ካለፈ ፔዳሉ ይደነድናል። ጉልበት ይፈልጋል።»

«ጉልበት አለኝ።»

አሁን ቀና አለ። ከላይ ጀምሮ አየኝ፤ ቦርጬ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። «እሺ ጋሼ» አለ።

ማስተሩ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአንድ አይሱዙ ሾፌር እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። የማሾ ሚዛኔ ላይ አስቀምጬ ፈታሁት። ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ፣ ስንዝር ከአራት ጣት! ማሾ ሊሸጡ የመጡ ገበሬዎች «ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ፍሬን ነው» እላለሁ፤ «ለየትኛው ከባድ መኪና?» ሲሉኝ ለጫማዋ ነው ማለት አፍሬ የማሾ ዋጋ እጠይቃቸዋለሁ።

የተገጠመው ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ነው። አሮጌው ሲወጣ ውስጡ ያለው ጎማ እንደ ደረቀ በርበሬ ተሸብሽቦ ነበር። አዲሱ ገባ፣ ቡሎኑ ታሰረ፣ ቱቦዎቹ ተገጠሙ። ከዚያ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። ለዚህ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ መካኒኩ ጎማው ሥር ይተኛል፣ እኔ ቀጭኗን ቱቦ ከነጠርሙሷ እይዛለሁ፣ ፔዳል የሚረግጥ ጠፋና ሚስቴ ተጠራች።

«ምቺ!» ይላል መካኒኩ ከሥር። «ምቺ! ምቺ! አሁን ያዢ!»

«ያዝኩ።»

«እንዳትለቂ!»

«ሃያ ምናምን ዓመት ይሄን ሰውዬ ይዤ ይሄን ልለቅ ነው?»

ጠርሙሱ ውስጥ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እኔ አረፋውን እያየሁ የጎረቤቴ ክብር ቡልቅ እያለ የሚወጣ ይመስለኛል። በዚህ መሀል እሱ ራሱ በአጥሩ በር ብቅ አለ፤ በእጁ አንድ ጣሳ የፍሬን ዘይት ይዟል፤ ቢጎድላችሁ ብሎ ነው! እጅጌውን ሰብስቦ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ አለ።

«ማሻአላህ! ከኔም ይበልጣል እኮ!»

«ትንሽ ነው የሚበልጠው» አልኩ። በሕይወቴ ትሕትና እንደዚያን ቀን ጥሞኝ አያውቅም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ገባሁና ረገጥኩ። ግድግዳ! አይሰግድም፣ አይወርድም። እኔ ነኝ ወደ ወንበሩ ውስጥ የወረድኩት። መካኒኩ ልክ ነበር፤ ለማቆም እግር ብቻ አይበቃም፣ ከወገብ መነሳት አለበት። ለከተማው ውስጥ ግን ይበቃል። ለባጃጅ ቆምኩ፣ ለአህያ ቆምኩ፣ ለመሻገር ያላሰቡ አሮጊት ቆሜ «እለፉ እማማ» ብዬ በግድ አሻገርኳቸው። ባቴ አብጦ ሚስቴ በቅቤ ታሸኝ ጀመር። «የሚያቆመው መኪናው ነው ወይስ አንተ?» ትለኛለች።

የቀረኝ ነገር ቁልቁለቱ ነው፤ ምስክሩ ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሱ ራሱ መሆን አለበት። «ወንድሜ፣ ስለ መልሱ ከልጁ ቤተሰቦች ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለ፤ በኔ መኪና ወጥተን እንምጣ» አልኩት።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። «በኔ ብንሄድስ?»

አሃ! አልኩ በልቤ። ነካሁት። «በኔ ነው» አልኩ።

ደብረ ሲና ብርድ ነው። አማቾቼ ከሙቀት ለመጣ ሰው የሚያዝኑ ጨዋዎች ናቸው፤ እንግዳውን ሻይ አጠጡት፣ ሌላ ሻይ ደገሙት፣ አሁንም ሲቀዱለት «ወላሂ በቃኝ» ብሎ በመሐላ ተረፈ። ጉዳያችንን ጨርሰን መውረድ ጀመርን።

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። መታጠፊያው ላይ ደርሼ፣ ከወገቤ ተነስቼ፣ ግጥም! አድርጌ እይዛለሁ። በጎን አየዋለሁ። መያዣውን በሁለት እጁ ጨምድዷል፣ ግንባሩ ላብ አውጥቷል፣ ከንፈሩን ነክሷል። ቅናት ነው አልኩ። ቅናትን አውቀዋለሁ፤ መስታወት ውስጥ ስንት ቀን አይቼዋለሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

«እዛች ሾላ ጋ ስትደርስ አቁምልኝ» አለ።

«ለምን? ይዟል እኮ! አየኸው አይደል?»

«አየሁት፣ ይዟል። አቁም።»

«አላቆምም። ሳልቆም ግራሩ ድረስ ነው የማሳይህ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ አቁም!»

«በፍሬኔ አታምንም ማለት ነው?»

«ሽንቴ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሽንቴ! ልትጨርሰኝ ነው እንዴ?»

በሁለት እግሬ ቆሜ ያዝኩት። ከመቆማችን በሩን ከፍቶ ከሾላዋ ጀርባ ካለው ቁጥቋጦ ገባ። ቆየ። እኔ ወርጄ መኪናዋን አየሁ፤ ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ቢጤ እየወጣ ነው። ያ የማውቀው ሽታ። ብረቱ ጢቅ፣ ጢቅ እያለ ይቀዘቅዛል።

ጎረቤቴ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ሾላዋ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ከኪሱ ብስኩት አወጣ፣ ግማሹን ሰጠኝ።

«ስኳር አለብኝ» አለ። «ሰው አያውቅም፣ ከሚስቴ በቀር። ከላይ ከተነሳሁ እዚህች ጋ ሳልቆም ወርጄ አላውቅም። እቆማለሁ፣ አረፍ እላለሁ፣ እንዳያዞረኝ ብስኩቴን እበላለሁ፣ እሄዳለሁ። ይቺ ሾላ የለመለመችው በማን ይመስልሃል?»

«ሁልጊዜ ትቆማለህ?»

«ሁልጊዜ።»

«ሚስቴ ስትኖርስ?»

«እሷማ ተኝታ ነው የምትወርደው፣ ምን ታያለች?»

ጎማውን አየሁ። ጭሱ ቆሟል። እንደገና እሱን አየሁ። ከዚያ ደግሞ ጎማውን። የጎረቤቴ መኪና ጾም የምትውለው በማስተሩ አልነበረም። በሽንቱ ነበር! ፍሬኑ እዚህ ሾላ ሥር ሲያርፍ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ነፋስ ሲቀበል ይቆይና፣ ከዚህ በታች መንገዱ ለጥ ስለሚል ሮቢት ሲደርስ እንደ ጠዋት ድንጋይ ቀዝቅዞ ነው። ማስተር ዘይት ይገፋል እንጂ ብረት አያቀዘቅዝም። እኔ ስንዝር ከአራት ጣት ብረት ያስገጠምኩት በሰው ፊኛ ቀንቼ ነው።

ሳቅ ጀመረኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። ስነግረው እሱም ሳቀ፤ እንደገና ቁጥቋጦ ሊገባ እስኪደርስ ሳቀ። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንተን ሳይ እኮ እንዴት እንደምቀና! ከላይ እስከ ታች ሳትቆም! ‹ጥብስ!› ብለው ሲጮሁብህ እኔ በውስጤ ‹ይሄ ሰውዬ የታደለ ነው፣ ሆዱ ውስጥ በርሜል አለ› እላለሁ።»

ስንት ዓመት የተሳቀብኝ ነገር ለካስ የሰው ምኞት ነበር።

ከዚያ ብስኩቱን እያሻሸ፣ «ልጅህ ስትለምነኝ እንቢ ማለት አቃተኝ» አለ። «ግን አስበው፤ ሙሽራ ከነካባዋ፣ ሚዜ ሁሉ እያየኝ፣ እኔ ሽማግሌ ቁጥቋጦ ልገባ? በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። አንተ አምጣት። አባቷ ነህ፤ እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው?»

እጁን ይዤ ከድንጋዩ አስነሳሁት። የመለሰልኝን ነገር ትልቅነት ለመናገር የሚበቃ ቀልድ አልነበረኝም።

ግራሩ ሥር ስንደርስ ጎማ ጠጋኙ ጣሳውን ይዞ እየሳቀ መጣ። «ጥብሱ መጣ!» አሉ። ውሃው ጠብ አለ። ዝም። ደገመ። ዝም። አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ጎማው ላይ አስጠግተው፣ «ጾም ነው!» አሉ፣ አምላክ እንደተገለጠለት ሰው። እኔ አፌን ልከፍት ስል ጎረቤቴ ክንዴን ቆነጠጠኝና፣ «ማስተር ቀይሯል እኮ፣ ከኔ ይበልጣል!» ብሎ አወጀ። ምስጢሩ የሱ ስለሆነ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ክብሩም ጥሞኛል። አሁን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ «ስሜን ብቻ አታንሳ፣ ፊኛዬን እንደፈለግክ አድርጋት» ብሎኛል።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቤት ገብቶ ነበር። ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ጾም ሆንክ አሉ?» አለችኝ። ጎረቤቴ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣ «አባትሽ ያመጣሽ ልጄ፤ ከሱ ፍሬን በላይ የለም» አላት።

በነጋታው መካኒኩ ጋ ሄድኩ። «የሱን ዓይነት አምጣልኝ» አልኩት። ቀና ሳይል፣ «እሺ ጋሼ» አለ። ልኩ ገባ፤ ፔዳሉ ለእግር ቆመ፣ ባቴም ዳነ።

ሰርጉ አለፈ። ወሰዷት። ቤቱ የገበያ ማግስት መሰለ። የመልሱ ቀን ማልጄ ወጣሁ። ሙሽሮቹን ከኋላ አስገባሁ፤ በባለ ሁለት በር መኪና ካባ የለበሰች ሙሽራ ማስገባት ትራስ ውስጥ ጥጥ እንደ መጠቅጠቅ ነው። ጎረቤቴ ሚዜዎቹን በነጯ ጭኖ ከኋላዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መታጠፊያዎች ላይ ልጄ የወንበሬን ጀርባ ጨብጣ እንደያዘች ይሰማኛል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀስ፣ ነካ፣ ለቀቅ። ሾላዋ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

«አባዬ! ምን ሆነ? ፍሬኑ ነው?»

«ፎቶ ነው። ሙሽራ ሾላ ሥር ፎቶ ካልተነሳች ነውር ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ነውር ተሰምቶም አይታወቅ፤ እኔ ነኝ እዚያው የፈጠርኩት። ሁሉም ወረዱ፣ ስልክ ሁሉ ወጣ፣ «ወደዚህ! ሳቁ! ካባውን አስተካክሉት!» ሆነ። በዚህ ግርግር መሀል አንድ ጨዋ ሽማግሌ ማንም ሳያየው ወደ ቁጥቋጦው ሄደ፣ ማንም ሳያየው ተመለሰ። የኔም ፍሬን ጢቅ ጢቅ እያለ አረፈ። ብስኩቱን ሲሰጠኝ ጠቀሰኝ።

ተነሳን። ከሾላዋ በታች የሆነ ቦታ ላይ የወንበሬ ጀርባ ቀለለኝ። እጇ የለም። በመስታወቱ አየሁ፤ ልጄ ተኝታለች። እናቷ በሰው መኪና የተኛችውን እንቅልፍ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ በኔ መኪና ተኝታለች። ልቤ ሞላ። ይሄው፣ አልኩ፣ አሸነፍኩ።

ቀጥዬ ደግሞ በደንብ አየሁ። የተኛችው ባሏ ትከሻ ላይ ነው። ቀጭን ነገር ነው፤ እንኳን ወንዝ የፈሰሰ ውሃ የሚያሻግር አይመስልም። እሷ ግን ተመችቷታል። ለዚህ የሚሆን ማስተር ሶማሌ ተራም አይገኝም።

ግራሩ ሥር ጎማ ጠጋኙ ጣሳውን ይዞ ተነሳ። ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ወደኋላ ጠቆምኩት። ገባው። በእግሩ ጣቶች መጣና ውሃውን ጠብ አደረገ። «ጾም» አሉ፣ ሁሉም በሹክሹክታ፣ ያ ሁሉ ጯሂ ወንድ።

ከዚያ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ሄድኩት። ቤት ውስጥ እልልታ፣ እንግዳ፣ የተሰቀለ ድንኳን ይጠብቀናል። ባጃጆቹ አለፉኝ። ጎረቤቴም ቸግሮት ጥሩምባ ሳያሰማ አለፈኝ። አንድ ማሽላ የጫነች አህያ መጥታ አጠገቤ ተራመደች፣ አየችኝ፣ እሷም አለፈችኝ። እኔ መስታወቱን እያየሁ እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ።